«ወስደዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ስልክ

(በመሃል አዲስ አበባ ለልብ ክትትል ክሊኒክ ነርሶች፣ ለፋርማሲ ባለሙያዎች፣ ለታካሚዎችና ለአስታማሚዎች የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ተገልብጦ በጥቂቱ ብቻ የተስተካከለ።)

እንደምን አመሻችሁ? ድምፃችሁ ደክሟል፤ አልፈርድባችሁም። በዚህ ዝናብ፣ በዚህ የታክሲ ሰልፍ፣ ከፒያሳም ከሜክሲኮም ከመርካቶም አቆራርጣችሁ መጥታችሁ መቀመጣችሁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ የክትትል ክሊኒክ ነርሶች፣ ቀኑን ሙሉ ከመድኃኒት ማደያ መስኮት ጀርባ ቆማችሁ የዋላችሁ ፋርማሲስቶች፣ በር ላይ የቆማችሁ ወጣቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በስብሰባ ወግ «ስልካችሁን ዝጉ» ይባላል። እኔ ክፈቱት እላለሁ። ክፈቱትና የመልእክት ሳጥናችሁን እዩልኝ። ዛሬ ከአጭር ቁጥር መልእክት ያልደረሰው ማን ነው? ሎተሪ፣ የጥሪ ማሳመሪያ፣ ጥቅል፣ «ይመዝገቡ፣ ይሸለሙ»። ደረሳችሁ አይደል? ከፍቶ ያነበበውስ? ... ሁለት እጅ። ሦስት። ይኸውላችሁ፣ ለልብ ሕመምተኛ የመድኃኒት ማስታወሻ በስልክ እንልካለን ስንል እዚያ ክምር ውስጥ ነው የምንጥለው።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ሰው መድኃኒቱን ለምን ይተዋል። ሁለተኛ፣ መልእክቱ እንዴት ተጽፎ መቼ ይላካል። ሦስተኛ፣ መልስ ሲመጣ ማን ያነሣዋል። ሁለተኛው ጊዜዬን እንደሚበላብኝ ከወዲሁ አውቃለሁ፤ ታገሡኝ።

አንደኛው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ዘገባ፣ በሀብታሞቹ አገሮች እንኳ ለረጅም ጊዜ ሕመም የታዘዘለትን በአግባቡ የሚወስደው በአማካይ ግማሽ ያህሉ ሕመምተኛ ነው። ግማሹ! መድኃኒት ቤቱ በየመንደሩ ባለበት፣ መድኑ በሚከፍልበት አገር። ታዲያ ሁሉም ረስተው ነው? አይደለም። መርሳት ከምክንያቶቹ አንዱ ብቻ ነው።

አንዲት እናት እንበል፤ ከአቃቂ መሃል ከተማ ድረስ በሁለት ታክሲ ይመጣሉ። የታዘዘላቸው ላሲክስ ነው፤ የሚያሸናው። ጠዋት ከወሰዱት ከአንድ ሰዓት በኋላ ሽንት ያጣድፋቸዋል፤ ሁለት ሰዓት ሙሉም ፋታ የለም። በሰልፍ መሃል የት ይሂዱ? ስለዚህ መንገድ ባለባቸው ቀን ሁሉ አይወስዱትም። ቀጠሮ ባለባቸው ቀንም አይወስዱትም፤ ለዚህ ነው እግራቸው አብጦ እኛ ዘንድ የሚደርሱት። ረስተው ነው? በፍጹም። አስልተው ነው። ለእሳቸው የሚበጀው «ቤት ሲመለሱ ይውሰዱት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ግን አይለፍ፣ አለዚያ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳዎታል» ብሎ ከሐኪማቸው ጋር ሰዓቱን ማስተካከል ነው።

ሌላ እንጨምር። ለደም ግፊትና ለልብ የሚታዘዘውን ኢናላፕሪል የሚወስድ ሰው ደረቅ ሳል ሊይዘው ይችላል፤ የታወቀ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። ሰውዬው ግን ብርድ ነው ይላል፣ ጎረቤት ሳንባ ነው ይለዋል፤ ኪኒኑን ሲያቆም ሳሉ ይተወዋል። በቃ፣ ተፈረደ! ማንም አልነገረውም እንጂ ሳል የማያመጣ ሌላ መድኃኒት ይቀየርለት ነበር። ለዚህ ሰው በየጠዋቱ «መድኃኒትዎን አይርሱ» ብንልለት ምን እናተርፋለን? አልረሳም እኮ!

ጾሙ አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱን ኪኒን በውሃ መዋጥ ጾሙን የሚሽርበት ይመስለዋል። ረመዳን ላይ የቀኑ ሰዓት ሁሉ ወደ ሱሁርና ወደ ኢፍጣር ይገፋል። ጸበል የገባ ሰው መድኃኒቱን ጥሎ ይገባል። ከዚያ ደግሞ ዋጋው፤ ከነማ ጠይቆ ያጣ፣ ቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት ሄዶ ያጣ፣ የግሉ ጋ ዋጋውን ሰምቶ የተመለሰ። እነዚህን ሁሉ «ረሱ» በሚል አንድ ቃል ጠቅልለን መልእክት ብንልክላቸው ሰሚ አናገኝም።

«ታዲያ መልእክቱ ይሠራል ወይ?» ትሉኛላችሁ። ይሠራልም፣ አይሠራምም። ለንደን ውስጥ የደም ግፊት ወይም የኮሌስትሮል መድኃኒት በሚወስዱ 303 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። መልእክት ካልደረሳቸው 25 በመቶው መድኃኒቱን አቁመዋል ወይም ከአምስት እጅ አራቱን እንኳ አልወሰዱም፤ ከደረሳቸው ግን 9 በመቶ ብቻ። እንዴት ላኩት? ለሁለት ሳምንት በየቀኑ፣ ለሁለት ሳምንት በየሁለት ቀኑ፣ ከዚያ እስከ ስድስት ወር በሳምንት አንዴ። መልእክቱም ወሰዱ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ነበር፤ አልወሰድኩም ላለው ይደወልለታል።

ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ለሚወስዱ 538 ሰዎች በሳምንት አንዲት ቃል ትላክ ነበር፤ «ማምቦ?»፣ እንደምን ነህ እንደማለት። ሰውዬው በ48 ሰዓት ውስጥ «ሳዋ»፣ ደህና ነኝ፣ ወይም «ሺዳ»፣ ችግር አለ፣ ብሎ ይመልሳል። ችግር ላለውም ዝም ላለውም ነርስ ትደውላለች። በትክክል የወሰዱት 62 በመቶ፣ መልእክት ካልደረሳቸው ደግሞ 50 በመቶ። ስለ መድኃኒት የሚል ቃል እንኳ የለበትም! ልብ በሉልኝ።

የማይመቸኝንም ልንገራችሁ። ኬፕታውን ውስጥ በ1372 የደም ግፊት ሕመምተኞች ላይ ሲሞከር ግፊቱ የቀነሰው በ2 ነጥብ ያህል ነው፤ መልስ የሚቀበለው አሠራርም ዝም ብሎ ከሚልከው አልበለጠም። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ 9501 ሰዎች ላይ የተደረገው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሰዎቹ መድኃኒታቸውን በጊዜ እንዲያስሞሉ አላደረገም። ስለዚህ «ሲስተም ገዝተናል፣ ተገላገልን» የሚል አስተዳዳሪ ካለ ይህን አሳዩት።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። መልእክቱን እንጻፍ።

በመጀመሪያ ፊደላችን። የስልክ መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ በአንዱ 160 ምልክት ይይዛል። በግእዝ ፊደል ሲጻፍ 70 ብቻ! ክፍት ቦታውም ነጥቡም ይቆጠራል። 71ኛው ሲገባ መልእክቱ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ያኔ አንዱ ክፍል 67 ብቻ ነው የሚይዘው፣ ሒሳቡም የሁለት ነው። በላቲን የተጻፈ መልእክት ውስጥ አንዲት የግእዝ ነጥብ ከገባች ሁሉም ወደ 70 ይወርዳል። በአፋን ኦሮሞ የምትልኩም ተጠንቀቁ፤ ለሁዳው፣ በቃል መሃል ለምትገባዋ ጭረት፣ ከኮምፒውተር የተቀዳ ጠምዛዛ ጭረት ከገባ ያው ነው፤ ቀጥ ያለችውን ተጠቀሙ።

አሁን ይህን ስሙ። «ውድ ደንበኛችን የልብ ሕመም መድኃኒትዎን በሐኪም በታዘዘልዎ መሠረት በሰዓቱ መውሰድ እንዳይረሱ በአክብሮት እናሳስባለን»። ያምራል አይደል? የቢሮ ደብዳቤ ነው። ቆጥሬዋለሁ፤ 74 ነው። ለአራት ፊደል ሲባል የሁለት መልእክት ሒሳብ! ደግሞም «ደንበኛችን» ይላል፣ ሰውዬው ሎተሪ መስሎት ሳይከፍት ያጠፋዋል። ደግሞም «የልብ ሕመም» ይላል። ስልኩን ማን እንደሚይዘው ታውቃላችሁ? ልጅ ይጫወትበታል፣ አሠሪ ጠረጴዛ ላይ ያየዋል። የልብ ቫልቯ (የልብ በሯ) የታመመ ልጃገረድ ሳታገባ ሕመሟ እንዳይታወቅባት የምትደብቅበት አገር ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም የጤና መረጃን ጥንቃቄ ከሚሹት ወገን ነው የመደበው። የበሽታ ስም አይጻፍ፣ የመድኃኒት ስም አይጻፍ። ደግሞ ከሁሉም በላይ መልእክቱ ምንም አይጠይቅም!

ይልቅ ይህን ሞክሩ። «ሰላም። የጠዋቱን ወስደዋል? ከወሰዱ 1፣ ካልወሰዱ 2፣ ችግር ካለ 3 ይላኩ። መልስ ነፃ ነው።» 59 ነው። «መልስ ነፃ ነው» የምትለዋ አትውጣ፤ ሕዝባችን ለአጭር ቁጥር ሲመልስ ካርዱ እንደሚቆረጥበት ከልምድ ያውቃል። በእርግጥም ነፃ ይሁን፤ ከቴሌኮሙ ጋር ስትዋዋሉ ይህን አስጽፉ። ካልሆነም አንድ ሚስኮል የሚቀበል ቁጥር አዘጋጁ፤ ሚስኮል ማድረግ የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም።

ሰዓቱ። እስቲ ኮምፒውተሩን የሚሞላውን ልጅ አስቡት። ካርዱ ላይ «ጠዋት 2» ተብሎ ተጽፏል፤ እሱም 02:00 ብሎ ያስገባል። መልእክቱ መቼ ይደርሳል? ሌሊት 8 ሰዓት! አዛውንቱ ደንግጠው ይነሣሉ፤ በሌሊት ስልክ ሲጮህ መርዶ ነው የሚመስለን። ትክክሉ 08:00 ነው። ደግሞ የመላኪያው ኮምፒውተር ሰዓት በግሪንዊች ከተተወ 08:00 ያላችሁት ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ይገባል፤ ሰውዬው ሥራ ቦታ ነው፣ ኪኒኑ ቤት። ሳትጀምሩ በራሳችሁ ስልክ ሦስት ቀን ሞክሩት።

ከዚህ የከፋ አለ፤ ይህን ማንም አይነግራችሁም። ስልክ ሲዘጋ ወይም ኔትወርክ ሲቆራረጥ መልእክት አይጠፋም፤ ይጠራቀማል። መላኪያው ላይ የመቆያ ጊዜ የሚባል አለ፤ ካልነካችሁት አንድ ቀንም ከዚያ በላይም ሊሆን ይችላል። መብራት ጠፍቶ ስልኩ ሳይሞላ የዋለ ሰው ማታ ሲከፍተው የጠዋቱና የማታው ማስታወሻ ተከታትለው ይገባሉ። ምን ያደርጋል? ሁለቱንም ይውጣል። የልብ ምት የሚያረጋጋው ዲጎክሲን ከሆነ? የደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ከሆነ? የመቆያ ጊዜውን ሁለት ሰዓት አድርጉት፤ ካልደረሰ ይቅር። በምዝገባ ቀንም በቃል ንገሩ፤ የረሱትን ለማካካስ እጥፍ አይወሰድም።

ዋርፋሪንን ካነሣሁ ላይቀር። የብረት የልብ ቫልቭ የተገጠመለት ታካሚ መጠኑ ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ በሚለካው ምርመራ፣ በአይ ኤን አሩ፣ ይቀያየራል፤ በግራው በኩል ባለው፣ ሚትራል በሚባለው የልብ በር ለተገጠመለት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። ስለዚህ መልእክት ላይ «አንድ ፍሬ ተኩል ይውሰዱ» ተብሎ አይጻፍ። ማክሰኞ መጠኑ ተቀየረ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን ያለፈው ወር ቁጥር ተቀምጧል፤ መድማት ወይም መርጋት ማለት ነው። ጾም ሲገባ ደግሞ ጎመኑ ይበዛል። ጎመን ቫይታሚን ኬ አለው፣ የዋርፋሪንን ሥራ ያዳክማል፣ አይ ኤን አሩ ይወርዳል። ጎመን አትብሉ አላልኩም! በልኩና በየሳምንቱ በእኩል ነው። ጾም በገባ በሳምንቱ «አመጋገብ ቀይረዋል?» የምትል አንዲት መልእክት ልካችሁ ምርመራውን ብታስቀድሙት ዋጋ አላት።

የቀን አቆጣጠራችንም የራሱ ወጥመድ አለው። 13 ወር ነው ያለን፣ ኪኒኑ ግን በ30 ይታደላል። ነሐሴ 6 ቀን 30 ፍሬ የወሰደ ሰው፣ በቀን አንድ፣ መቼ ይጨርሳል? ጳጉሜን 5። ቀጠሮ የጻፈው ሰው ግን «በወሩ» ብሎ መስከረም 6 ጽፎለታል። አምስት ቀን ባዶ! ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት፣ እንደ 2019፣ ስድስት ቀን። በእንቁጣጣሽ፣ ዶሮ ወጡና ጨዉ በበዛበት ሳምንት! ስለዚህ የማስታወሻው ስሌት በወር ሳይሆን በፍሬ ቁጥር ይሁን። 60 ፍሬ፣ በቀን ሁለት፣ 30 ቀን፤ በ23ኛው ቀን ይላክ፦ «የያዙት ለ7 ቀን ብቻ ይበቃል። ካላገኙ 3 ይላኩ፤ እንደውላለን።» ለምን ሰባት ቀን ቀድሞ? ሦስት መድኃኒት ቤት የሚዞርበት፣ ብር የሚፈልግበት ጊዜ እንዲኖረው ነው። ቀኑ ሲደርስ መላክ ለባዶ ብልቃጥ ማስታወስ ነው።

በየ28 ቀኑ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ የሚወጉት፣ የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባቸው ልጆቻችን፣ ቀላል ዘዴ አላቸው። 28 አራት ሳምንት ነው፤ ማክሰኞ የጀመረ ሁልጊዜ ማክሰኞ ነው። በወር ቀን ካሰባችሁት ግን ይሸሻል፤ መስከረም 1፣ መስከረም 29፣ ጥቅምት 27፣ ኅዳር 25። መልእክቱ ከዋዜማው ማታ ለወላጅ፣ በማለዳው ደግሞ እንደገና ይላክ። እዚህ ላይ ማስታወሻ በእርግጥ ማስታወሻ ነው፤ መርፌው ቤት ስለማይቀመጥ ሰው ቀኑን ይረሳል። እንደ እኔ አንድ ክሊኒክ በአንድ ነገር ብቻ ይጀምር ቢባል በዚህ ይጀምር።

ሰዓቴን እያሳያችሁኝ ነው፤ አየሁ። ሦስተኛው።

2 ወይም 3 ብሎ የላከ ሰው መልስ ካጣ፣ ሁለተኛ አይመልስም። ሦስተኛ ጊዜ ደግሞ ቁጥሩን ይዘጋዋል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት አስሉ። 100 ታካሚ አላችሁ እንበል፤ በሳምንት አንድ ጥያቄ። 15ቱ ችግር አለ ቢሉ፣ 20ው ዝም ቢሉ፣ 35 ጥሪ ነው። በአማካይ አምስት አምስት ደቂቃ ብትሰጧቸው ወደ ሦስት ሰዓት ይሆናል። እነዚያ ሦስት ሰዓታት የማን ናቸው? የየትኛዋ ነርስ? በየትኛው ቀን? በየትኛው ስልክ፣ በማን ካርድ? ይህ በወረቀት ካልተጻፈ አትጀምሩ። አዎ፣ አትጀምሩ ነው የምለው።

ሰው ደግሞ 1፣ 2፣ 3 ብሎ ብቻ አይመልስም። «አዎ ወስጃለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። «ልጄ እግሬ አብጧል ምን ላድርግ» ይላል። ማሽኑ ቁጥር ካልሆነ ይጥለዋል፤ የመጣውን ሁሉ በቀን አንዴ ሰው ያንብበው። ግን ይህ መስመር የድንገተኛ አይደለም፤ በምዝገባ ቀን ደጋግማችሁ ንገሩ። የደረት ሕመም፣ ተኝቶ መተንፈስ ማቃት፣ ራስን መሳት፣ ጥቁር ሰገራ ወይም የማያቋርጥ ደም፣ በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ መጨመር፤ ይህ ሲሆን መልእክት ጽፎ መጠበቅ የለም፣ ወደ ሆስፒታል ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907።

1 የላከ ሁሉ ወስዷል ማለት ነው? ኧረ ወዲያ! ሰው ሐኪሙን ማስቀየም አይወድም። ስለዚህ በቀጠሮ ቀን ብልቃጡን ይዘው ይምጡና ቁጠሩት። 60 ፍሬ ሰጣችሁ፣ በ28 ቀን 56 መውሰድ ነበረበት፣ 4 ይቀራል። 18 ቀርቶ ካገኛችሁት የወሰደው 42 ነው፤ 75 በመቶ። ስትቆጥሩ ፊታችሁን አታጥቁሩ። «ለምን?» ብላችሁ ሳይሆን «የትኛው ሰዓት ነው የሚያስቸግርዎት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ምዝገባው ራሱ አሥር ደቂቃ ነው፤ አታሳጥሩት። ፈቃድ ጠይቁ። ሁለት ቁጥር ያዙ፣ የራሱንና የአስታማሚውን፤ አስታማሚው እንዲያውቅ የሚፈልግ እንደሆነ ግን ታካሚውን ለብቻው ጠይቁት። ቁጥሩን መልሳችሁ አንብቡለት። እዚያው ተቀምጦ ሳለ የሙከራ መልእክት ላኩ፤ ስልኩ ግእዙን ያሳያል ወይስ ሳጥን ሳጥን ያወጣል? ድምፁን አውጥቶ ያንብበው፤ ማንበብ ካልቻለ በድምፅ ጥሪ ወይም በልጁ በኩል ይሁን፣ ሳታሳፍሩት። ቁጥሩን በፈለገው ስም ይመዝግብ፤ «እህቴ» ቢለውም መብቱ ነው። የሚጾም ከሆነ፣ መቼ እንደሚበላ ጠይቃችሁ ሐኪሙ ሰዓቱን ያስተካክል፤ የነፍስ አባቱን ቢያማክርም መልካም ነው። ድግግሞሹን እንደ ለንደኖቹ ጀምሩ፤ ሁለት ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ እያሳሳችሁ በሳምንት አንዴ። በየቀኑ ለዘላለም የሚመጣ መልእክት እንደ ሰፈር ወፍጮ ድምፅ ነው፤ ማንም አይሰማውም። ኬንያ ውስጥ በተደረገ ሌላ ሙከራም በሳምንት አንዴ የተላከው ሲረዳ በየቀኑ የተላከው አልረዳም።

አንድ የመጨረሻ ነገር፤ ከባድ ስለሆነ አቆይቼዋለሁ። የልብ ሕመም ነው፤ ከመዝገባችን ሰው ይሞትብናል። ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ፣ የሟች ስልክ በልጁ ኪስ ሆኖ «የጠዋቱን ወስደዋል?» ሲል አስቡት። ስለዚህ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ዝም ያለ ቁጥር በራሱ ይቁም፤ ከዚያ በኋላ ማሽን ሳይሆን ሰው ይደውል። የሚደውለውም ሰው የመጀመሪያ ቃሉ «ለምን አልመለሱም» አይሁን፤ «እንደምን ከርመዋል፣ ቤተሰብ ደህና ነው?» ብሎ ይጀምር። ካርድ ክፍልም ሞት ሲመዘገብ በዚያው ቀን ቁጥሩን ለሚልከው ሰው ያሳውቅ፤ ለዚህ አንድ ስም መድቡ።

አመሰግናለሁ። ማይክሮፎኑን ወደ ኋላ አሳልፉልኝ፤ ቅድም ስለ ላሲክስ ስናገር እጃቸውን ያወጡ እናት አሉ፣ ነጠላ የለበሱት። አዎ፣ እርስዎ፤ ይጠይቁ።